የሐሙስ ተራ

የትምህርት ቤታችን ደወል የከባድ መኪና ቸርኬ ነው። ልጁን ሊያስመዘግብ የመጣ አንድ የሞጆ ሾፌር የሰጠን ነው ይባላል። ግቢው መሀል ካለው ግራር ላይ በሽቦ ተንጠልጥሏል፤ ዘበኛው በብረት ሲመታው እስከ ባጃጅ ተራው ድረስ ይሰማል። ያን ቀን አራተኛ ክፍል ገብቼ ማካፈል እያስተማርኩ ሳለ ቸርኬው ጮኸ። ልጆቹ ሌላ ምን ይፈልጋሉ፣ ደብተራቸውን ሰብስበው ብድግ አሉ።

"ወዴት ነው? ማን ፈቀደላችሁ?" ብዬ ጮህኩባቸው። የፈረቃው መውጫ ገና አልደረሰም። ዛሬስ ይሄን ዘበኛ ልክ ልኩን እነግረዋለሁ ብዬ በመስኮት ብቅ ስል፣ ሰውዬው ከግራሩ ርቆ የግቢው በር ላይ ቆሟል። ብረቱም በእጁ የለም። አፉን ከፍቶ ቸርኬውን ያያል። ማንም ሳይነካው ነው የሚጮኸው። ወዲያው ወለሉ ከእግሬ ስር ወዝወዝ አለ፣ ጠመኔው ከጠረጴዛዬ ላይ ተንከባሎ ወደቀ። በስመ አብ ብዬ ጥቁር ሰሌዳውን ያዝኩ። ምን ሊያደርግልኝ እንደያዝኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ያ ሰሞን ከወደ መተሐራ በኩል መሬቱ እረፍት አጥቶ ነበር። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ "አምፖላችን ተወዛወዘ" እያሉ ይደውሉልኛል፤ እኔ ደግሞ እዚህ አዳማ ሆኜ፣ ከነሱ ይልቅ ለነገሩ ቀረብ ብዬ፣ "አይዟችሁ" እላቸዋለሁ። አይ እኔ! ለራሴ የሌለኝን አይዞሽ ለሰው አድላለሁ።

ክፍላችን ሕዝቡ አዋጥቶ የሰራው የብሎኬት ክፍል ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የኋለኛው ግድግዳ ከጣሪያው ጀምሮ ወደ ታች ተሰነጠቀ። መጀመሪያ ልብ ያሉት ልጆቹ ናቸው። አንዱ ቀልደኛ እርሳሱን ስንጥቁ ውስጥ ከተተና ጠፋበት። ደግሞ ያለቅሳል! "ሄደህ ፈልግ" አልኩት ተናድጄ። ወጥቶ፣ ክፍሉን ዞሮ፣ እርሳሱን ከውጭ በኩል ሳር ላይ አንስቶ እየሳቀ ተመለሰ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን ክው አልኩ። እርሳስ የሚያሳልፍ ግድግዳ ስር ነው ለካ ልጆቹን ደርድሬ የማስቀምጠው።

ለርዕሰ መምህሩ ነገርኩ፣ እሱም ለበላይ አመለከተ። አንድ ባለሙያ መጡ። ግድግዳውን በጣታቸው ቆረቆሩ፣ በስልካቸው ፎቶ አነሱ፣ "ለጊዜው ችግር የለውም" አሉና ሄዱ። ይህችን "ለጊዜው" የምትባል ቃል ከዚያ ወዲህ ጠምጃታለሁ። ሐኪም ሲላት፣ መካኒክ ሲላት፣ ማንም ሲላት ደሜ ይፈላል።

ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ሌላ መጣ፤ ማይክራፎን የያዘ ወጣት፣ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ግንዛቤ ሊሰጥ። ልጆቹን ሜዳ ላይ አሰለፈልን። "መሬት ሲንቀጠቀጥ ምን እናደርጋለን? ከዴስክ ስር እንገባለን! ጭንቅላታችንን በእጃችን እንሸፍናለን! ገባችሁ?" አለ። "ገባን!" አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ፤ እነሱ መቼም ያልገባቸው ነገር ኖሮ አያውቅም። "ጎበዞች!" ብሎ አስጨበጨበላቸውና በዚያው ለሌላ ትምህርት ቤት ወደ ቢሾፍቱ ሄደ።

ክፍል ስንመለስ "በሉ እስቲ ግቡ፣ ልያችሁ" አልኳቸው። ወይ ጉድ! አንድ ዴስክ ላይ አራት ልጅ ነው የሚቀመጠው። ከስሩ ደግሞ የእግር ማሳረፊያው እንጨት ስላለ ከአንድ ልጅ በላይ አይችልም። ተጋጩ፣ ተረጋገጡ፣ የአንዷ ግንባር አበጠ፣ ሌላው ጫማው ጠፋ። ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ያለቅሳል። እኔም "ውጡ! ውጡ! ሳይንቀጠቀጥ ልትገድሉኝ ነው!" እያልኩ እጮሃለሁ።

ሲረጋጉ ከኋላኛው ዴስክ አንዲት ለፍላፊ አለች፣ እጇን ሳታወጣ የምትናገር፣ እሷ ተነሳችና "ቲቸር፣ በተራ ይሁንልን" አለችኝ።

"ምኑ?"

"መግባቱ።"

ተራ ለኛ ልጆች አዲስ ነገር አይደለም። ትምህርት ቤቱ ራሱ በተራ ነው፤ ጠዋት እነዚህ፣ ከሰዓት እነዚያ። መጽሐፉ ለአንድ ዴስክ አንድ ነው፣ ቤቱ ወስዶ የሚያጠናው ተረኛው ነው። ክፍል የሚጠርገው ተረኛ ነው። ሰፈራቸው ሲገቡ ውሃውም በፈረቃ ነው የሚመጣው። ለሁሉም የማይበቃ ነገር ሲያጋጥማቸው አይነጫነጩም፤ ቁጭ ብለው ተራ ያወጣሉ። የወጣውን ተራ ደግሞ የነካ ወዮለት! ተረኛው ታሞ ቢቀር እንኳ መጽሐፉ ዴስኩ ውስጥ ያድራል እንጂ ሌላ አይወስደውም። እንዲህ ያደረግናቸው እኛው ነን። እናም ከሞት መደበቂያውንም ተራ አወጡለት።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ወዲያው ግን ሳቄ ጠፋ። አይሆንም ልበላቸው? ምን ልሰጣቸው? ለየልጁ አንድ አንድ ዴስክ ከየት ላምጣ? "የኔ ጠረጴዛም ስሩ ባዶ ነው፣ ከፊት ያሉት እሱ ጋ ይግቡ" አልኩ። "ቲቸርስ?" አሉኝ። "እኔ ግድግዳውን ደግፌ እይዝላችኋለሁ" ስላቸው በሳቅ ፈረሱ።

የኋለኛው ዴስክ፣ ስንጥቁ ስር ያለው፣ ሰኞ የለፍላፊዋ፣ ማክሰኞ የእርሳሱ ባለቤት፣ ረቡዕ ከክፍሉ ሁሉ የሚያንሰው የትንሹ ልጅ ሆነ። ሐሙስ የረጅሟ ነበር። ዓርብ ላይ ሊጣሉ ሲሉ ረጅሟ "ለትንሹ ይሁን" ብላ ፈረደች፤ እሷ ካለች አለች ነው።

ረጅሟ ከክፍሉ ልጆች በዕድሜም በቁመትም ትበልጣለች። ከአርሲ ገጠር ነው የመጣችው። እዚያ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ስለነበር ትልቅ እስክትሆን ፊደል አልቆጠረችም። አባቷ አዳማ ለምትኖር እህቱ "አስተምሪልኝ" ብሎ በአደራ ሰጣት። ስትመጣ ከሕፃናት ጋር አንደኛ ክፍል አስገባናት፤ ጉልበቷ ከዴስኩ በላይ ይታያል፣ ልጆቹ ይስቁባታል፣ እሷ ወይ ፍንክች። ክፍል እየዘለለች እኔ ጋ ደረሰች። ሁሉም ቲቸር ሲሉኝ እሷ ብቻ በራሷ ቋንቋ "ባርሲስቱ" ትለኛለች። የንባብ ጊዜ ሲደርስ እጇ ቀድሞ ይወጣል፣ ድምጿ ደግሞ ሜዳ ላይ ሰው እንደምትጠራ ነው፣ ጎረቤት ክፍል ድረስ ይሰማል። ለእሷ የምፈራው አንድ ነገር ነበር። በዚያ ዕድሜ ጀምራ አንዴ ካቋረጠች ሁለተኛ እንደማትመለስ አውቃለሁ፤ ስንቷን አይቻለሁ።

የዴስኩ ልምምድ ሲደረግ ስሩ ለቁመቷ አይበቃም። ለፍላፊዋ "እግርሽ ውጭ ይቀራል እኮ!" ብላ ብትስቅባት፣ ከስር ሆና "እግሬ ይቅር፣ ጭንቅላቴ ይበቃኛል" አለች።

መሬቱ ለሁለተኛ ጊዜ በተንቀጠቀጠ ማግስት አክስቷ ትምህርት ቤት መጣች። ገበያ ውስጥ ሳልባጅ ትሸጣለች፤ ወጣት ናት፣ ቆፍጣና።

"አሸማ፣ ቲቸር" አለችኝ።

"አሸማ፣ ነጋያ?" ብዬ በቋንቋዋ ሰላምታዋን መለስኩ።

ቀጥ ብላ ወደ ኋላኛው ግድግዳ ሄደች። መዳፏን ስንጥቁ ላይ አድርጋ ቆመች። "ልጄን ከዚህ ስር ነው ያስቀመጡልኝ?"

"ባለሙያ አይቶታል።"

"ምን አለ?"

ያችን የተረገመች ቃል ከአፌ ማውጣት አስጠላኝ፤ ግን ሌላ ምን አለኝ? "ለጊዜው ችግር የለውም አለ።"

"አይወድቅም ብለው ይማሉልኛል? ወላሂ ይሉልኛል?"

ምን ብዬ ልማል?

"አዩ! ወንድሜ በአደራ ነው የሰጠኝ። ነገ ምን ልበለው? ፊደል ቆጥራለች፣ ግን ግድግዳ በላት ልበለው?"

በማግስቱ ቤቷ ሄድኩ። ረጅሟ ውሃ አቅርባልኝ በሩ ጋ ቆመች። አክስትየዋ ነገሩን አልደበቀችም። ዱከም ፋብሪካ የምትሰራ አንዲት ሴት ሕፃኗን የሚይዝላት ትፈልጋለች። "ደህና ሰው ናት። ቤቷም ፎቅ ላይ ነው፣ አዲስ ነው። ይሄ ነገር እስኪያልፍ እዚያ ትቆይ፣ ከዚያ ትመለሳለች" አለች።

"ፎቅ ላይ!" አልኩ፤ ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። "መሬቱ ዱከም ሲደርስ ያፍራል እንዴ?"

ሳትወድ ሳቀች። ሳቋን ግን ወዲያው ዋጠችው። "አዲስ ነው አልኩዎት። እንደናንተ የተሰነጠቀ አይደለም።"

"ትመለሳለች ነው ያልሽው? እስቲ አንቺም ማይልኝ። ወላሂ ትመለሳለች በይኝ።"

እሷም እንደኔ አልማለችም። አጎንብሳ የምትተኩሰውን ሸሚዝ አጣጠፈች፣ ፈታች፣ መልሳ አጣጠፈች። ክፉ ሴት አይደለችም። ክፉ ብትሆን ጨክኜ ተሳድቤ እወጣ ነበር። ፈርታለች፤ ፍርሃቷ እውነት ነው፤ ዱከምም የተገኘው በፍርሃቷ ሰዓት ነው። ሁለቱን ለያይቼ ላሳያት አልቻልኩም፤ እሷም ራሷ የምትለያቸው አልመሰለኝም።

በመጨረሻ "ግድግዳውን አሰሩት። ከተሰራ የትም አትሄድም" አለችኝ።

በሩ ጋ የቆመችው ልጅ ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት ማንም አይየው።

ወላጆችን ለመንኩ፣ ርዕሰ መምህሩን አላስቀምጥም አልኩ፣ ቢሮ ተመላለስኩ። ቢሮው ቀጠሮ ሰጠኝ፣ ወላጆቹ ሲሚንቶ ሰጡኝ። ግንበኛ የሆነ የአንድ ተማሪ አባት እሁድ መጥቶ ስንጥቁን ሞላው፣ ግድግዳውን በሙሉ ወፈር አድርጎ ለሰነው፣ ነጭ ቀለም ተቀባ። አቤት ማማሩ! አክስትየዋ መጥታ አየች፣ ልስኑን በቡጢዋ ደበደበች፣ "ይሁን እንግዲህ" ብላ ሄደች። ረጅሟ የዚያን ዕለት ስታነብ ድምጿ ቸርኬውን ያስንቅ ነበር።

ከዚያ ቅዳሜ ሌሊት አልጋዬ ተነቃነቀ። ሰኞ ጠዋት ክፍል ስገባ ልጆቹ ዝም ብለዋል። የኛ ክፍል ዝም ሲል መጥፎ ነገር አለ ማለት ነው። ነጩ ግድግዳ ላይ ከጣሪያው ጀምሮ ቀጭን መስመር ወርዷል፤ ፀጉር ያህላል፣ በዚያችው በድሮዋ መንገድ።

ከረፍት ስንመለስ መስመሯ አልታየችም። ረጅሟ ከተረፈው የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ቀድዳ የማባዛት ሰንጠረዥ ጽፋበታለች፤ በትልቅ በትልቁ፣ በሚያምር አጣጣል። ስንጥቁ ላይ ለጥፋዋለች። አየኋት፣ አየችኝ። "ቆንጆ ነው" አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ? ልጆቹም አንድም አልተነፈሱ፤ ያቺ ለፍላፊ እንኳ አፏን ለጎመች። ለቀናት አራተኛ ክፍል በሙሉ፣ እኔም ጭምር፣ ያንን ወረቀት እየጠበቅን ኖርን። ጥጉ ሲነሳ አንዱ ሮጦ በምራቁ ይለጥፈዋል። ከስሩ መስመሯ ምን እያደረገች እንደሆነ ገልጦ ለማየት ግን የደፈረ የለም።

የወላጆች ስብሰባ ዕለት አክስትየዋ መጣች። ሌሎቹ ስለ ንጽሕና ሲነጋገሩ እሷ ሰንጠረዡን ትመለከታለች። "ማን ጻፈው?" አለች። "የእርስዎ ልጅ" አላት ርዕሰ መምህሩ፣ ሊያስደስታት ብሎ፤ እሱ ምን ያውቃል። ደስ አላት፤ ቀረብ ብላ በጣቷ ዳሰሰችው። ወረቀቱ ከጣቷ ስር ወደ ውስጥ ገባ። ቀስ ብላ ገለጠችው። ስንጥቁ ጣት የሚያስገባ ሆኗል።

አልጮኸችም። ብትጮህ በወደድኩ። "ራሷ ደበቀችው" አለች ወደኔ ዞራ። "ቲቸር፣ መሞቻዋን በገዛ እጇ ደበቀችው! እርስዎም ያውቁ ነበር።" ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች።

በነጋታው ኋላኛው ዴስክ ላይ ሦስት ልጅ ብቻ ነበር።

የዱከሟን ሴትዮ ስልክ ከአክስትየዋ ለምኜ ተቀበልኩ። መጀመሪያ ስደውል "ተኝታለች" አሉኝ፤ ጠራራ ፀሐይ ነው። ሌላ ቀን "ሥራ ይዛለች" አሉኝ። ከብዙ ልመና በኋላ አገናኙኝ። ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል፣ ቴሌቪዥን ይጮሃል። ያ ሜዳ የሚያዳርስ ድምጽ ሹክሹክታ ሆኗል።

"ባርሲስቱ፣ ተራዬን ለሰው ሰጡት?"

እኔ ስለ ምግቧ፣ ስለ መኝታዋ ልጠይቅ ነበር የደወልኩት። ተራው የማን እንደሆነ አጣርቼ አላውቅም፤ ተራዋን ሌላ ልጅ ወስዶታል ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ፣ አራት ሆነው የሚጨናነቁበት ዴስክ ነው። ቢሆንም "አልሰጡም፣ ይጠብቅሻል" አልኳት። ላጽናናት ብዬ የዋሸሁት ነው።

"ሐሙስ ነው እኮ" አለች። ስልኩን ከእጇ ወሰዱት መሰለኝ፣ ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ሳላስበው ጆሮዬ ቸርኬው ላይ ይሆናል። አንድ ሐሙስ፣ ከረፍት እንደተመለሱ፣ የአካባቢ ሳይንስ ላይ ነን፣ መጀመሪያ ውጭ ያሉት ውሾች ተንጫጩ። ከዚያ ቸርኬው፤ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ እየፈጠነ፣ ከዚያ እንደ እብድ። የጣሪያው ቆርቆሮ ተንኳኳ። "ግቡ!" ብዬ ጮህኩ። ተረኞቹ እንደ አይጥ ገቡ፣ የቀሩት ጭንቅላታቸውን በእጃቸው ይዘው ዴስኮቹ መሀል ተቀመጡ። ያ ወፍራም ነጭ ልስን፣ እኔ ለምኜ ያስለሰንኩት፣ ከግድግዳው ተገንጥሎ ሲሄድ አየሁት። አንዱ ትልቅ ቁራጭ ኋላኛው ዴስክ ላይ አረፈ። ክፍሉ በአቧራ ተሸፈነ።

ሲቆም ሮጥኩ። ብሎኬቱ አልወደቀም፣ ምስጋና ለፈጣሪ። ዴስኩም አልተሰበረም። ለፍላፊዋና የእርሳሱ ባለቤት ከዴስኩ ወዲህ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። ትንሹ ልጅ ከዴስኩ ወዲያ፣ ግድግዳውና ዴስኩ መሀል፣ ሁለት እጁን እንደተማረው ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። በጣቶቹ መሀል ደም ይወርዳል።

ከዴስኩ ስር ማንም አልነበረም። ንጹሕ ወለል፤ አቧራ እንኳ ብዙም አልነካው።

"ለምን አልገባህም?" ብዬ አንባረቅኩበት፤ እቅፍ አድርጌው ነው የምጮኸው። "አንተ ልጅ፣ ባዶ ሆኖ እያየኸው ለምን አልገባህም?"

ተገርሞ አየኝ። "ሐሙስ አይደል እንዴ፣ ቲቸር? የእሷ ተራ ነው።"

ጤና ጣቢያ ሰፉለት፤ ተረፈ። ወደዚያ ልጁን ይዤ ስወጣ ግን ግቢው በር ላይ ወላጅ ተሰብስቦ ይጮህ ነበር፤ አክስትየዋ ከመሀላቸው ብቅ አለች። ከገበያ እየሮጠች ነው የመጣችው፣ ነጠላ ጫማዋ አንዱ እግሯ ላይ የለም። በቀሚሴ ላይ ያለውን ደም አየች።

"አላልኩም?" አለችኝ። እንባዋ ይወርዳል። "አላልኩም፣ ቲቸር? እዚህ ብትሆን ኖሮ ይሄ የእሷ ደም ነበር!"

"እዚህ ብትሆን ከዴስኩ ስር ነበረች" አልኳት። "ዛሬ ተራው የእሷ ነው። ከዴስኩ ስር አንድም ነገር አልደረሰ።"

ትንሹን ልጅ አየች፣ እኔን አየች።

"ታዲያ ማን ገባበት?" አለችኝ።

"ማንም አልገባበትም" አልኳት።